ነበልባሉ መቼ እንደጠፋ ሳይታወቅ ዕቃ አይቀየር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የቤት ጋዝ ቦይለር እየበራ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁለት ነው፤ ሪሴት (እንደገና ማስነሻውን) ተጫኑ፣ እምቢ ካለ ቴርሞካፕሉን፣ ማለትም እሳቱ መኖሩን በሙቀት የሚያውቀውን ዘንግ፣ ቀይሩ። ሁለቱም አንዳንዴ ይሠራሉ። ከሁለቱም የሚቀድመው ጥያቄ ግን ነበልባሉ የሚጠፋው በየትኛው ቅጽበት ነው የሚለው ነው። ብልሽቱ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው እሱ ነው።

የጋዝ ሽታ ካለ ምንም አይሞከር። ክብሪት አይጫር፣ የመብራት ማብሪያም አይነካ፤ የጋዙ ቧንቧ ተዘግቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከቤት ወጥቶ ለጋዝ አቅራቢው ከውጭ መደወል ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ቆሞ የሚያሸት ሰው ላይደርስበት ይችላል።

ፓይለት፣ ማለትም ዋናውን እሳት የሚለኩስ ሁልጊዜ የሚነድ ትንሽ ነበልባል፣ ባላቸው ቦይለሮች የቴርሞካፕሉ ጫፍ በነበልባሉ ሲግል ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ያህል ያመነጫል። በጋዝ ቫልቩ ውስጥ ያለችውን ማግኔት ይዞ የሚያቆየው ይኸው ነው። እሳቱ ሲጠፋ ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ማግኔቷ ትለቃለች፣ ጋዙ ይዘጋል። ስለዚህ ፓይለቱ ሲለኮስ የሚጫኑት የጋዝ ማዞሪያ እንደተለቀቀ ፓይለቱ ከጠፋ መጀመሪያ ማዞሪያውን ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተጭኖ መያዝ ይገባል፤ ብዙ ሰው ጫፉ ሳይግል ይለቀዋል። አሁንም ከጠፋ ነበልባሉን ማየት ነው። ሰማያዊና ጠንካራ ሆኖ የቴርሞካፕሉን ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል መሸፈን አለበት። ቢጫና ልፍስፍስ ከሆነ ጥፋቱ የቴርሞካፕሉ አይደለም፤ የፓይለቱ አየር ማስገቢያ በአቧራ ተደፍኗል ወይም ኖዝሉ (ጋዙ የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ) ቆሽሿል። ኖዝሉ ተፈትቶ በአየር ይነፋል እንጂ በመርፌ አይወጋም፤ ቀዳዳው ከሰፋ የጋዙ መጠን ይዛባል።

ነበልባሉ ደህና ሆኖ ካልያዘ ቴርሞካፕሉ ከቫልቩ ጋር የሚገናኝበት ብሎን ይፈተሽ። በጣት እስኪበቃው ጠብቆ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ጫፉ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መለያያ ይጨፈለቅና ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ይቀራል። አዲስ ቴርሞካፕል ገብቶም ብልሽቱ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መለካት የሚችል ሰው ከቫልቩ ፈትቶ፣ ማዞሪያውን እንደተጫነ፣ በመልቲሜትር ያንብብ። ከ15 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ይቀየር። ንባቡ ጥሩ ከሆነ ግን ማግኔቷ ደክማለች፣ ወይም በዚያው መስመር ላይ የተቀጠለው፣ ቦይለሩ ከመጠን በላይ ሲግል ጋዙን የሚዘጋው መከላከያ ላልቷል።

ፓይለቱ ለረጅም ጊዜ በርቶ ከቆየ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ውሃው በፓምፕ ብልሽት ወይም ቧንቧው ውስጥ በታፈነ አየር ሳይዘዋወር ቀርቶ ከመጠን በላይ ግሎ ሊሆን ይችላል። የባሰው ደግሞ ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣት ትቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስና የጭስ መመለሻ ዳሳሹ ጋዙን ሲዘጋው ነው። ዳሳሹን በሽቦ አገናኝቶ ቦይለሩን «አስተካከልኩ» የሚል ሰው ቤተሰቡን ለካርቦን ሞኖክሳይድ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከቤት ሲወጡ የሚቀል ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቢጫ ነበልባል፣ በቦይለሩ ዙሪያ የሚታይ ጥቀርሻ ምልክቶቹ ናቸው። አንዱ እንኳ ከታየ ቦይለሩ ጠፍቶ ይቆይ፤ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም በየቤቱ ይኑር።

አዳዲሶቹ ቦይለሮች ፓይለትም ቴርሞካፕልም የላቸውም። ነበልባል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንድ ኤሌክትሮድ እሳቱ ውስጥ ይቆምና የቦይለሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ጥቂት ማይክሮአምፔር (በጣም አነስተኛ ኤሌክትሪክ) ያነባል። በርቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ቦይለር እሳቱን «አላየሁትም» እያለ ነው። ኤሌክትሮዱ ቆሽሾ፣ እሱን የያዘው ሸክላ ተሰንጥቆ ወይም የመሬት ሽቦው ላልቶ ይሆናል፤ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ተገናኝተው ይገኛሉ። ኤሌክትሮዱ በስስ የብረት ሱፍ ይጸዳል፤ የአሸዋ ወረቀት የሚያስተላልፍ ያልሆነ ብናኝ ይተውበታል። ነገር ግን የታሸገውን የማቃጠያ ክፍል መክፈት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ ማሸጊያው መቀየርና የጭሱ ይዘት መለካት አለበት።

ለቤቱ ባለቤት የሚቀረው ቀላሉ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይሁን። ቦይለሩ ሲነሣ የመንቆርቆር ድምፅ ከተሰማ ከጭሱ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው የፍሳሽ ቱቦ ተደፍኗል ወይም በረዶ ይዞታል፤ በለብታ ውሃ ይሟሟል፣ በፈላ ውሃ ግን አይሞከር። ምድጃውም እሳቱ ከደከመ ችግሩ ከቦይለሩ ውጭ፣ ከጋዙ አቅርቦት ነው። የጋዝ ግፊት ቦይለሩ ጠፍቶ ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ መለካት ያለበት በሙሉ ኃይል እየነደደ ነው።

ሪሴት ከሁለት ጊዜ በላይ አይጫኑ፤ ያልተቃጠለ ጋዝ ሊጠራቀም ስለሚችል በመካከሉ 5 ደቂቃ ይጠበቅ። ባለሙያ ሲጠራም በስንት ሰከንድ ወይም ደቂቃ እንደጠፋ፣ የነበልባሉ ቀለም ምን እንደነበር፣ የቦይለሩ ማሳያ ላይ የወጣው የስህተት ቁጥር ስንት እንደሆነ ተጽፎ ይቆየው።

ከአክብሮት ጋር
የጋዝ መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ