በቡናማ ስብ ላይ የወጣው ጽሑፍ ያልነካው ጉዳይ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ቡናማ ስብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁ። ይህ ስብ ካሎሪ እያቃጠለ ሙቀት እንደሚያመነጭ በትክክል ተገልጿል፤ ሆኖም ማቀጣጠያው ከተገኘ የውፍረት ችግር ይፈታል ወደሚል ድምዳሜ መቸኮሉ አሳስቦኛል። ሕዋሱ ሙቀቱን የሚገታበት መንገድ ከሚያቀጣጥልበት ያልተናነሰ ትኩረት ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ምግብ ሲያቃጥል ፕሮቶን የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ከውስጠኛው ሽፋኑ ባሻገር ይገፋል፤ እነሱ ተመልሰው ሲገቡም ኤቲፒ የተባለው የኃይል ውሑድ ይመረታል። በቡናማ ስብ ውስጥ ግን ዩሲፒ-1 የሚባለው ፕሮቲን ለፕሮቶኖቹ አቋራጭ ስለሚከፍት ኤቲፒ ሳይመረት ኃይሉ በሙቀት መልክ ይወጣል። አራስ ሕፃናት እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጠው መሞቅ ስለማይችሉ ብርድን በዋናነት የሚቋቋሙት በዚህ ነው።

ይህ አቋራጭ ታዲያ በአዘቦቱ ዝግ ነው። ኤቲፒን የመሳሰሉ ኑክሊዮታይዶች ዩሲፒ-1 ላይ ተጣብቀው ይዘጉታል። ቆዳ ብርድ ሲሰማው መልእክቱ በአንጎል ወደሚገኘው ሃይፖታላመስ ይደርሳል፤ ከዚያም ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች ኖርአድሬናሊን የተባለውን አነቃቂ ኬሚካል በስቡ ላይ ይለቃሉ፤ በሕዋሱ ሽፋን ያለው አደኒሊል ሳይክሌዝ የተባለ ኢንዛይምም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተሰኘውን መልእክተኛ ይሠራል፤ በእሱም ትእዛዝ የተጠራቀመው ስብ ይፈርሳል። ከስቡ የሚወጡት አሲዶች በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፦ ነዳጅ ሆነው ይቃጠላሉ፣ የኑክሊዮታይዶቹን እገዳ አሸንፈውም ዩሲፒ-1ን ይከፍታሉ። ስለዚህ ነርቮቹ ዝም ብለው የስቡ መፍረስ ሲቆም፣ የተለቀቁት አሲዶች እየተቃጠሉ ያልቃሉ፤ በሩም ይዘጋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነ የአይጦች ጥናት እንደታየው፣ ብርዱ ራሱ ሕዋሱ የዚያው ኢንዛይም አንድ ዓይነት የሆነውን የአደኒሊል ሳይክሌዝ 3ን አጭር ቅጂ እንዲሠራ ያደርገዋል። ይህ ቅጂ ከሙሉው ኢንዛይም ጋር ተጣብቆ ወደ ሕዋሱ ሽፋን እንዳይደርስ ስለሚያስቀረው የሳይክሊክ ኤኤምፒው ምርት ይቀንሳል። ሙቀቱን የሚቀሰቅሰው ብርድ ልጓሙንም አብሮ ያዘጋጃል ማለት ነው። ቅጂውን እንዳይሠሩ የተደረጉ አይጦች የበለጠ ኃይል አቃጥለዋል፤ ስብ የበዛበት ምግብ እየበሉም ከውፍረት ተጠብቀዋል። ይህ እውነተኛ ተስፋ ነው፤ ነገር ግን የተገኘው በአይጥ ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ልጓሙን ያለ ጥንቃቄ መፍታት ምን እንደሚያስከትል የሕክምና ታሪክ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ዳይናይትሮፊኖል የተባለ ኬሚካል ለክብደት መቀነሻነት በሰፊው ተሸጦ ነበር። ኬሚካሉ በቡናማ ስብ ብቻ ሳይወሰን በመላው አካል ፕሮቶኖችን ስለሚያሾልክ የሰውነት ሙቀት ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ ሰዎች ሞቱ፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1938 ለሰው ልጅ የማይሆን አደገኛ ነገር መሆኑን አወጀች። በቅርቡም ለፊኛ ሕመም የሚታዘዘው ሚራቤግሮን ከተለመደው በላይ በሆነ መጠን ሲሰጥ ቡናማ ስብን ቢያነቃም የልብ ምትን ከፍ አድርጓል፤ ኖርአድሬናሊንን የሚመስል ትእዛዝ በስቡ ብቻ ሊወሰን አልቻለም።

ዓምዳችሁ ወደዚህ ርእስ ሲመለስ፣ ስለ አዲስ መድኃኒት የሚጽፈው ባለሙያ ቡናማ ስብን ምን ያህል እንደሚያነቃ ብቻ ሳይሆን፣ ከነቃ በኋላ ምን እንደሚያቆመውና ከስቡ ውጭ የትኛውን አካል እንደሚነካ ጠይቆ ቢነግረን አንባቢዎቻችሁ በእጅጉ ይጠቀማሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮሎጂ መምህር