የአቪዬሽን ክበብ የዓመቱ ዘገባ
ክበባችን ዘንድሮ የበረራና የውትድርና ቃላትን ሲያጠና ከረመ። መጀመሪያ ላይ ቅር ያላቸው ልጆች ነበሩ፤ ሞዴል አውሮፕላን የምንሠራ መስሏቸው ነበር የተመዘገቡት።

ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው የቴነሪፍ አደጋ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በዚያች የስፔን ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። የአንደኛው ረዳት አብራሪ መነሳት መጀመራቸውን ሲናገር፣ የማማው ተቆጣጣሪ ተዘጋጅተው የቆሙ መሰለው። በሬዲዮ የተላኩ መልእክቶችም ተደራረቡ። ከዚያ ወዲህ "ቴክ ኦፍ" (መነሳት) የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ "ዲፓርቸር" ይባላል። ይህን ከሰሙ በኋላ ያጉረመረመ የለም።

ደብረ ብርሃን መቼም ነፋስ አታጣም። ኅዳር ላይ ልምምዱን ሜዳ አወጣነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማማ ሆነች፤ አብራሪው ልጅ ከሜዳው ማዶ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። "ሄዲንግ ዜሮ ናይን ዜሮ!" አለችው፤ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ብረር ማለቷ ነው። "ዜሮ ፋይቭ ዜሮ" ብሎ መለሰ። ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ መብረር ሲገባው በደብረ ሲና በኩል ሊሄድ ነው! እሷ ግን ወዲያው "ኔጋቲቭ" ብላ አረመችው። አብራሪ የተነገረውን መልሶ የሚደግመው ለዚህ ነው። ዘጠኝ "ናይነር"፣ አምስት ደግሞ "ፋይፍ" የሚባሉትም እንዳይምታቱ ነው።

"ሮጀር" ፊልም ላይ "እሺ" ይመስላል። ትርጉሙ ግን መልእክትህን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ ብቻ ነው። እፈጽማለሁ ለማለት "ዊልኮ" አለ። አንድ አውሮፕላን ለግዳጅ አንዴ ወጥቶ ሲመለስ አንድ "ሶርቲ" ይባላል፤ አራት አውሮፕላኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ቢወጡ ስምንት ሶርቲ ማለት ነው።

በጣም የኮራሁባቸው በዙሉ ሰዓት፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ነው። አብራሪውም ወታደሩም የሚጋራውን ይህን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 መቀነስ እንደሚበቃ ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት። ዙሉ 6፡00 ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

አብራሪ ችግር ሲገጥመው ከአውሮፕላኑ ወደ ተቆጣጣሪው የሚልካቸውን የአደጋ ጊዜ ኮዶች፣ 7500 (ጠለፋ)፣ 7600 (የሬዲዮ መቋረጥ) እና 7700ን (ሌላ አደጋ)፣ ፈተና ስለደረሰ አላዳረስናቸውም። መስከረም ላይ ከእነሱ እንጀምራለን። አዲስ የሚገቡ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም በመጀመሪያው ሳምንት መመዝገብ ይችላሉ።