ለኖርዌይ ተጓዦች፦ የስኪ ማሰሪያችንን ቅዳሜ እንምረጥ

ሰላም ጓደኞች፣ ለጉዟችን የትኛውን የቴሌማርክ (ተረከዝ ነጻ ሆኖ የሚነሳበት የበረዶ ስኪ) ማሰሪያ፣ ማለትም ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘውን ዕቃ፣ እንደምንይዝ ቅዳሜ እንወስን። ከቀኑ 9 ሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አንበሳው ሐውልት ጋ እንገናኝ። የስኪ ጫማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከፊት የወጣው ጠፍጣፋ አፍ ስፋቱ 75 ሚሊ ሜትር መሆኑን እንለካለን።

የእኔ ምርጫ ባለ ኬብሉ ነው። ኬብሉ በተረከዝ በኩል ዞሮ ጫማውን ወደፊት ገፍቶ ይይዛል፤ ተረከዙ ግን ነጻ ሆኖ ይነሳል። ከላላ ጫማው ሾልኮ ይወጣል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ ዳገት ላይ ያደክማል። መለዋወጫ ኬብልና ፒንሳ የግድ ነው፤ ተራራ ላይ ሱቅ የለም።

አደራ፣ ብዙዎቹ የቴሌማርክ ማሰሪያዎች ሰው ሲወድቅ በራሳቸው አይፈቱም። የበረዶ ናዳ ባለበት ቦታ ይህ በጣም ያሰጋኛል። የሚፈታውን ዓይነት የምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩኝ።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።