11 ደቂቃ ከመቼ ወዲህ ነው «ሁለት ዓመት» የሆነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ አንድ ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋች «የባከነ ተስፋ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ አዘዞ፣ ቡና ይዤ ነው ያነበብኩት። ቡናዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። የልጁን ስም ባትጠቅሱትም እዚህ ሰፈር የማያውቀው የለም። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

ሌላውን ልተወው። «ክለቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕድል ሰጥቶት አልተጠቀመበትም» የምትለዋ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ልጁ በሁለቱ ዓመት ሜዳ የገባው አንዴ ነው፤ ያውም ቡድኑ 3 ለ 0 እየተመራ፣ በ79ኛው ደቂቃ፣ ሊያልቅ 11 ደቂቃ ሲቀረው፣ ተከላካዩን ልጅ ክንፍ ላይ አቁመው። የቀረውን ጊዜ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ። ወንበር ማሞቅ ዕድል ከሆነማ የስታዲየሙን ዘበኛ የሚያክል ዕድለኛ የለም።

አሠልጣኙም እንጀራው ነው፤ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ስንብት ይጠብቀዋል። ከ17 ዓመት ልጅ የ30 ዓመቱን ቢያስቀድም አልፈርድበትም። ይህን ብትጽፉ ኖሮ እኔም ብዕር አላነሳም ነበር።

ልጁ በ15 ዓመቱ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ አራት ጣት ረዘመ። የኳስ ማስቀመጫችን በር ላይ በከሰል ያሰመርኩት ምልክት ዛሬም አለ። አጥንት እንዲህ ሲመዘዝ ጅማት ቶሎ አይደርስበትም፤ ከጉልበቱ በታች ያብጣል፣ ደረጃ መውጣት እንኳ ያመዋል። መድኃኒቱ ልምምድ ቀነስ አድርጎ መጠበቅ ነው። ክለቡ ግን እንደወሰደው በቀን ሁለቴ አስሮጠው።

የእንግሊዙን አጥቂ ሃሪ ኬንን አርሰናል በልጅነቱ አሰናብቶታል። ቶተንሃም ደግሞ ለሌይተን ኦሪየንት፣ ለሚልዎል፣ ለኖርዊች፣ ለሌስተር እያዋሰ ጠበቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2014/15 በሊጉ 21 ጎል አገባ። ኖርዊች ሳለ በሊጉ አንድም አላገባም። እናንተ ብትሆኑ ያኔውኑ ተስካሩን ታወጡለት ነበር።

ጋዜጠኛችሁ ደውሎልኝ ነበር እኮ! መስመሩ ሲቋረጥ በራሴ ካርድ መልሼ ደውዬ ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። የወጣልኝ ግን «ዕውቀት የሌላቸው የሰፈር አሠልጣኞች» የምትል ናት። እኔንም በ16 ዓመቴ አንድ ክለብ ወስዶኝ፣ በ19 ዓመቴ ጅማቴ ተበጥሶ መልሶኛል። ዕውቀቱ ጉልበቴ ውስጥ አለ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ይጠዘጥዘኛል።

የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳ ዕለት ይኸው ልጅ «የእኔስ መቼ ነው?» ብሎኝ ነበር። አሁን 18 ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከእኔ ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል። የከሰሉ ምልክት ዘንድሮ ፈቅ አላለም፤ ጉልበቱም አያብጥም።

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ «ሁለት ዓመት» ያላችሁትን «11 ደቂቃ» በሉልኝ።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር