የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የቆሻሻው ጆንያ ከመታሰሩ በፊት

ክበባችን ግቢ ከመጥረግ ያለፈ ሥራ እንደሌለው የሚያስቡ አሉ፤ ከላይብረሪው ጀርባ ዞር ብለው ይዩልን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ (ቁጥር 513/1999) ትእዛዝ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቤተሰብ ዳግም ለጥቅም የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያለው፣ እኛ ዘንድ በተግባር ላይ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የቀበረው ክምር ከየቤታችን የወጣ ነበርና ጉዳዩን አቅልለን አናየውም።

ምርጫው፣ የተረኞች ድልድልና የዓርብ ስብሰባዎች በወጉ ተካሂደዋል።

ከላይብረሪው ጀርባ ያለው፣ ቅጠልና ልጣጭ በስብሶ አፈር የሚሆንበት የብስባሹ ሳጥን በየጎኑ 1 ሜትር ነው። ከሥር ጭራሮ፣ በላዩ 20 ሳ.ሜ. ደረቅ ቅጠል፣ ቀጥሎ 10 ሳ.ሜ. የሻይ ክበቡ ልጣጭና አረም፣ ከዚያ ስስ አፈር እየተደራረበ ይሞላል፤ በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ ይገለበጣል። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። ሥጋና ቅባት አይጥ ስለሚጠራ አይገባም። የመስከረሙ ክምር ክዳን ስላልነበረው ዝናብ ገብቶት ሸተተ፤ ደረቅ ሣርና የተቀዳደደ ካርቶን ጨምረን ስንገለብጠው አየር አገኘና ሽታው ጠፋ። በጥር ወር ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ አፈር ሆኖ ወጣ።

ለቆራሌው የሚሸጠው ሃይላንድ ክዳኑ ይነቀላል፤ የክዳኑና የጠርሙሱ ፕላስቲክ አይነቱ ይለያያል። ወረቀት ከረጠበ ዋጋ የለውም። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ለብቻው ይቀመጣል እንጂ ብስባሹ ውስጥ አይጣልም።

ከሁሉ የማይረሳኝ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ጉብኝት ነው። ያረጀ በርሜል ተተርትሮ፣ በመዶሻ ተዘርግቶ ምድጃ ሲሆን ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩ። አሮጌ ዕቃ የሞላ ጆንያ ሲዘረግፉ የነበሩ አንድ አባት መዳፋቸውን አሳዩን፤ ከአውራ ጣታቸው እስከ አንጓቸው የሚወርድ ጠባሳ። «የብርጭቆ ስባሪ ነው፣ ልጄ። ከልብስ ጋር ተጠቅልሎ መጣ» አሉ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ምንም አልተናገረችም። በሳምንቱ ግን ከቤቷ የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ ላዩ ላይ በትልቁ «ስባሪ አለው፣ ተጠንቀቁ» ብላ ጽፋ መጣች። ማንም አላዘዛትም። ዛሬ የክበቡ ደንብ ይኸው ነው።

የማይፈለጉ የቤት ዕቃዎችንም አሰባስበናል። ንጹሕ ልብስና ጫማ ለሚለብሰው ይሰጣል፤ የተቀደደው ለመወልወያ ይቆረጣል፤ የሳሙና መዘፍዘፊያና ሳህን የሚፈልግ ቤተሰብ የተረፈውን ለልዋጭ ያውለዋል። የተሰባበሩት የተማሪ ወንበሮች ግን ከንብረት መዝገብ ስላልተሰረዙ ዓመቱን ሙሉ ከመጋዘኑ ደጅ ዝናብ ሲመታቸው ከረሙ። ጣውላቸው ሁለተኛ ሳጥን ይወጣው ነበር።

ልጆቹ ቆሻሻ የለዩት በፌስታል እጃቸውን ሸፍነው ነው። ለስፖርት ማልያ የተገኘ በጀት ለጓንት አይጠፋም። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ሁለት መንሽ፣ አንድ የሽቦ ወንፊትና ለሳጥኑ ክዳን የሚሆን ሁለት ቆርቆሮ ነው። ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን፤ ወላጆች ዓርብ ከሰዓት ቢያመጡልን ተረኞቹ በር ላይ ይረከባሉ።