የእህቴን ሸክላ ለልዋጭ አልሰጥም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ስለ ድሮ የሙዚቃ ሸክላዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ ስለ አምሃ እሸቴ የተጻፈው በጣም ደስ ብሎኛል፣ የሚገባው ሰው ነው፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአንድ ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ በ1969 እኤአ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላ ማውጣት ቀላል ድፍረት አይደለም። ግን መጨረሻው ላይ በየቤቱ የቀረው የፈረንጅ ሸክላ የማስቲካ ዘፈን ነው፣ ፈረንጆቹ ባብልገም የሚሉት የታዳጊ ዘፈን፣ ለመሰብሰብ የሚበቃ አይደለም የሚል ነገር ጣል አድርጋችኋል። እዚች ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እህቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ ሸክላዎቿ እኔ ጋ ናቸው፣ 74 ናቸው። አምና አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ነኝ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ መጣ፣ ቡና አፍልቼ ተቀበልኩት፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ካርታ ገለባበጠና 11ዱን የአማርኛዎቹን ለየ፣ ጥሩ ብርም ጠራ፣ አልዋሽም። የቀሩትን 63ቱን ግን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ «እነዚህን ለልዋጭ ይስጧቸው እትዬ፣ አንድ ሳፋ አያጡም» አለኝ። አንዱንም አልሸጥኩለትም፣ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ ያኔ የሚያስተዳድሩት ኤች ቪ ኤ የሚባለው ኩባንያ ሆላንዶች ናቸው፣ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ የሚገባ ቤተሰብ ሲኖር ዕቃውን ይሸጣል፣ የወንጂም የናዝሬትም ሰው ተሻምቶ ይገዛል። አባቴ በ1964 ዓ.ም. ሶፋ ልግዛ ብሎ ሄዶ ይዞ የመጣው እንደ ሻንጣ የምትዘጋ ክዳኗ ራሱ ስፒከር የሆነች ፊሊፕስ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ነው። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችውም። እህቴ ያኔ 14 ዓመቷ ነው እኔ 9፣ ካርቶኑን ስንከፍት መጀመሪያ የወጣው «ሹገር ሹገር» ነበር፣ እንግዲህ ስኳር ፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም ግን ያቺን ቃል ከከረጢት ላይ ያውቃታል፣ ሸክላው መሀል የተለጠፈውን ወረቀት ዓይኑ ጋ አስጠግቶ አየና «ይሄስ የኛው ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ያ ዘፈን የአባዬ ዘፈን ሆኖ ቀረ፣ የደሞዝ ቀን እሱ ካልተከፈተ ደሞዝ የገባ አይመስለንም ነበር።

ይሄን ዘፈን ነው እንግዲህ የማስቲካ የምትሉት፣ ልክ ናችሁ ስሙ እሱ ነው፣ ስሙን ያወጡለትም ራሳቸው አምራቾቹ ናቸው። «ሹገር ሹገር» የወጣው በአርቺስ ስም ነው፣ አርቺስ የሚባል ባንድ ግን በአካል የለም፣ የካርቱን ፊልም ሥዕሎች ናቸው፣ ዘፈኑን የዘፈነው ሮን ዳንቴ የሚባል የስቱዲዮ ድምፃዊ ነው፣ በ1969 እኤአ አሜሪካ ውስጥ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ የዓመቱም አንደኛ ተባለ፣ ይኸው ሰውዬ በዚያው ሰሞን በሌላ ባንድ ስም ሌላ ዘፈን ይዞ ሰንጠረዡ ላይ ነበር። የቁርስ ሲሪያል ካርቶን ጀርባ ላይ እየታተመ ሁሉ ልጆች በመቀስ ቆርጠው ያጫውቱት ነበር። ስለዚህ ፋብሪካ ነው ብትሉኝ አዎ ፋብሪካ ነው እላለሁ፣ ስኳርም ከፋብሪካ ነው የሚወጣው ብለን ጣፋጭነቱን አንክድም። እነዚህ ሰብሳቢዎች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው የሚለወጥላቸው የአሜሪካው የሶል ዘፋኝ ዊልሰን ፒኬት በ1970 እኤአ ይሄንኑ ዘፈን ወስዶ በሶል አድርጎ ተጫውቶታል። እሱ ሲዘፍነው ሙዚቃ የኔ እህት ስትሰማው ማስቲካ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

እዚህ ጋ ነው የኔ ነገር። የተናቀው ዘፈኑ ሳይሆን ሰሚው ነው፣ የ13 እና የ14 ዓመት ሴት ልጅ የወደደችው ነገር ሁሉ የልጃገረድ ነገር ተብሎ ይታለፋል። አለማየሁ እሸቴን የኢትዮጵያ ኤልቪስ ብለን ስንጠራ እንኮራለን፣ ኤልቪስን ኤልቪስ ያደረጉት እኮ እየጮሁ ራሳቸውን የሚስቱ ልጃገረዶች ናቸው። የማይክል ጃክሰንና የወንድሞቹ ባንድ ጃክሰን ፋይቭም ሲጀምሩ የታዳጊ ዘፈን ነበር የሚባሉት፣ ማይክል ገና የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ በ1970 እኤአ አራት ዘፈን በተከታታይ አንደኛ አስወጡ፣ በዓመቱ እነሱም የራሳቸው ካርቱን ተሠራላቸው፣ ዛሬ የነሱን ሸክላ ማንም ለልዋጭ ስጡ አይልም፣ የዚያ ዘመን የልጃገረዶች ዘፋኝ የነበረውን የአሜሪካዊውን የዴቪድ ካሲዲን ግን ይላል። የኛም ሙሉቀን መለሰ በልጅነቱ መድረክ ላይ የወጣ ልጅ ነበር፣ እህቴ ፎቶውን ደብተሯ ውስጥ ዴቪድ ካሲዲን ከሆላንድ መጽሔት ቆርጣ ካስቀመጠችበት ገጽ ትይዩ ነው የለጠፈችው፣ ፊት ለፊት፣ ለሷ ሁለቱ አንድ ደብተር የሚይዛቸው ነበሩ፣ እናንተ ናችሁ ዛሬ የለያችኋቸው።

ሸክላዎቹን አንስታችሁ ብታዩ ዘፈኑ ብቻ አይደለም ያለው። ትምህርት ቤት የነበረች የፒስ ኮር አስተማሪ አገሯ ስትመለስ ለእህቴ የሰጠቻት አንድ አለ፣ «ሳይመን ሴይዝ» የሚለው በ1968 እኤአ ዝነኛ የሆነው፣ ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ መሀሉ ሰፊ ቀዳዳ ነው፣ የኛ ማጫወቻ ደግሞ መሀሏ ላይ ቀጭን ዘንግ ነው ያላት፣ እና ወንድሜ ካረጀ ሲሊፐር ላይ በምላጭ ክብ ቆርጦ መሀሉን በሚስማር በስቶ ሞላው፣ ያቺ የሲሊፐር ቁራጭ ዛሬም እንዳለች ናት፣ ሰማያዊ። አሳታሚው ድርጅት ደግሞ ቡዳህ ነው የሚባል፣ እህቴ ጮክ ብላ ስታነበው እናቴ ሰማችና ቡዳ በቤቴ አይዞርም ብላ ልትሰብረው ተነሳች፣ አልቅሰን ለምነን በስንት መከራ ስሙ ላይ የቁስል ፕላስተር ይለጠፍበት ተብሎ ታረቅን። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል ግን አልተነሳም። ሸክላው ሲዘል ደግሞ መርፌው ላይ ስሙኒ እንጭናለን፣ በዚያ ምክንያት የተፋቀ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም። በኋላም በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ማታ ማታ ክዳኑን ብርድ ልብስ አልብሰን የምንሰማው እነዚህኑ ነበር። ስለዚያ ዘመን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ጎረቤቴ ግን የሷን አስረክባለች። ልጆቿ ቤት ሲያድሱ ሁለት ካርቶን ሙሉ ሸክላ በር ላይ ላለፈ ልዋጭ ሰጥተው በምትኩ አንድ አረንጓዴ ሳፋና ስድስት የፕላስቲክ ብርጭቆ ተቀበሉ፣ ስትነግረኝ ሳፋውን እያሳየችኝ ነው የነገረችኝ፣ ከነዚያ ውስጥ የሰርጓ ቀን የተጫወተው ሁሉ ነበረበት።

ስለዚህ አዘጋጁን የምለምነው ነገር አለኝ። ስለ ሸክላ ስትጽፉ የአማርኛው ይቅደም ልክ ነው፣ ሌላው ግን ይጣል አትበሉ፣ ሰው ጋዜጣ ላይ ያነበበውን ያደርጋል። ቤቱ ሸክላ ያለው ሰው ደግሞ እባካችሁ ደራርባችሁ አታስተኙት፣ በአዳማ ሙቀት አንድ ክረምትና በጋ ሳይሞላው እንደ እንጀራ ጠርዙ ይነሳል፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከቆርቆሮው ሥር አርቁት። አቧራውን ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው በተጣራ ውሃ፣ አሲዱን ሳይሆን ውሃውን ማለቴ ነው፣ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ ለስላሳ ጨርቅ ነክራችሁ በመስመሩ ዙሪያ ዙሪያውን ጥረጉ፣ የመሀሉን ወረቀት አታርጥቡ። እነዚያ የጥንቶቹ ከባዶቹ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ላይ ግን አልኮል እንዳታስነኩ፣ ይሟሟሉ። ከዚያ ደግሞ እርሳስ አንሱና ሽፋኑ ላይ የማን እንደነበረ፣ ማን እንዳመጣው፣ የት እንደተጨፈረበት ጻፉ፣ የዘፋኙን ስምማ ዓለም ያውቀዋል።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። ከ63ቱ ውስጥ የኛ ያልሆነ አንድ ሸክላ አለ፣ በውሰት መጥቶ ሳይመለስ የቀረ ይመስለኛል፣ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በአረንጓዴ ቀለም በጣም በሚያምር የሴት ልጅ ጽሕፈት «ስትጨርሺ መልሺልኝ፣ እንዳትረሺ፣ ናዝሬት፣ ግንቦት 1965» ይላል፣ ስም የለውም። እህቴን ማን እንደሆነች ሳልጠይቃት አመለጠችኝ። ጽሕፈቷን የምታውቅ ካለች በጋዜጣው በኩል ትጻፍልኝ፣ የትኛው ዘፈን እንደሆነ እሷ ትንገረኝ፣ ሸክላው አልተሰነጠቀም፣ አጥቤ አቁሜዋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአዳማ