የንባብና ሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ የጠፋው ቡና ቀማሽ ጉዳይ

የክበባችንን ዓመት ባጭሩ ንገረን ብትሉኝ፣ «ልጆቹ አንድ ሰው አጠፉ፤ ከዚያ ሲፈልጉት ከረሙ» እላችኋለሁ። ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ከዋንዛው ሥር የምትሰበሰቡ ስለማን እንደማወራ ታውቃላችሁ። ላልሰማችሁ፦ ክበባችን ዘንድሮ የራሱን የምርመራ ልብ ወለድ እየጻፈ በየሳምንቱ በድምፅ ማጉያ ሲያነብ ቆይቷል። አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ መጥታ ደብዛው የጠፋ ቡና ቀማሽ ትፈልጋለች። ሰውየው የጠፋው ዝቅተኛ በሆነው ደረጃ 5 የተመዘገበ ቡና ቀምሶ «ይህ ቡና ደረጃ 5 አይደለም» ባለ ማግስት ነው። ገበሬው በርካሽ ሸጦታል፤ ልዩነቱ ማን ኪስ ገባ? ጅማ ለተወለደ ልጅ ይህን ጥያቄ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም። ጥቅምት ላይ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ምዕራፎቹ በዕጣ ተከፋፈሉ፣ ቃለ ጉባኤውም ፋይል ውስጥ አለ።

ስንጀምር «ልጆቹን ወንጀል ልታስተምሯቸው ነው?» ያሉን፣ «ልብ ወለድ ማትሪክ ላይ አይመጣም» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ዛሬ ዓርብ ሲደርስ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ። ለማንኛውም፣ የጠፊው ሚስት በሕግ ምን ማድረግ እንደምትችል ለመጻፍ ልጆቹ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጠው አንብበዋል። አንድ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚያገባው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል ይላል። ይህን ካነበቡ በኋላ ጋዜጠኛዋን 2 ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ጅማ አወረዷት፤ ታሪኩም ያን ጊዜ ነው የፈጠነው። በረቂቁ ውስጥ በ1940ዎቹ ቴሌቪዥን ታይ የነበረች አያት ነበረች። እሷንም ያስወጣት የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ በአገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. መሆኑን ጠቅሶ ተከራከረ፣ ረታም። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት ምን እንደሆነ ይነገረኝ።

ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ጅሬን ስለወጣንበት ቀን ነው። የካቲት መጨረሻ ነበር፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ብሎ ቡናው ባበበበት ሰሞን። ሚኒባስ የምንከራይበት ስላልነበረን ከፊላችን በባጃጅ፣ ከፊላችን በእግር ነው የወጣነው፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሄድነው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት ብቻ አይደለም። በአራተኛው ምዕራፍ አንድ ዘበኛ «ከሰገነቱ ላይ ቆሜ ቡና ቀማሹ ከኮረብታው ግርጌ ነጭ መኪና ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ፣ ስሙን ጠርቶ ለጋዜጠኛዋ ይመሰክራል። የሚቀጥለው ምዕራፍ በሙሉ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነበር።

ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አለችን። አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር እንጂ ተናግራ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን አስጎብኚው ገና ሳይጨርስ ሦስት ልጆች መርጣ ወደ ታች ወደ መንገዱ ላከች። የቀሩትን ሰገነቱ ላይ አቁማ፣ ከታች ያለው ማን ማን እንደሆነ በየደብተራቸው እንዲጽፉ አዘዘች። ሁሉም ያው የደንብ ልብስ ነው የለበሱት። ደብተሮቹ ሲታዩ አንድም በትክክል የለየ አልነበረም፤ እንዲያውም አንዱ የገዛ ወንድሙን በሌላ ልጅ ስም ጽፎታል።

«እንግዲያው ዘበኛው ተሳስቷል ማለት ነው» አለ የአምስተኛው ምዕራፍ ጸሐፊ።

እሷም በቋንቋዋ፣ «ቢሳሳትማ አንድ ሰው አየሁ ይል ነበር። እሱ ግን ስም ነው የጠራው። ስሙን ማን ነገረው?» አለች።

የምዕራፉ ጸሐፊ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሥራው ሁሉ ፈርሶበታል። ሌሎቹ ደግሞ እየተንጫጩ ከበቧት። እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ዓይኔ እንባ ያቀረረው በቡና አበባው ሽታ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። አምስተኛውን ምዕራፍ እሷ በአፋን ኦሮሞ ጻፈችው፣ ጓደኛዋ ወደ አማርኛ መለሰችው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ንባቡ በሁለቱም ቋንቋ ሆነ፤ ከዋንዛው ሥር ያለው ሰው የጨመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ያልተሳካም አለ። ስድስተኛውን ምዕራፍ ፍላሽ ውስጥ የገባ ቫይረስ በልቶት ልጆቹ ከትዝታ መልሰው ጻፉት። መብራት እየጠፋ ንባብ የታጠፈባቸው ዓርቦች ነበሩ። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለመጎብኘት የጻፍነው ደብዳቤም መልስ አላገኘም። ማይካችን በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው የሚሠራው። ልጆቹ ለጋዜጠኛቸው ካሜራና መኪና ሰጥተዋታል፤ ለራሳቸው ግን አንድ ድምፅ መቅጃ እንኳ የላቸውም። ለስፖርት ክበብ አዲስ ማሊያ መገዛቱን እንደግፋለን፤ ቡድናችን ያሸነፈ ዕለት ዜናውን በዚያው ማይክ ያነበብነው እኛ ነን።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ልጆቹም ተጣልተውበታል። ነገሩን ያመጣው የበዓሉ ግርማ ታሪክ ነው። ጋዜጠኛም ደራሲም የነበረ፣ የጎረቤታችን የኢሉባቦር ልጅ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ያልተመለሰ ሰው ነው። ከክበቡ ግማሹ «በእውነተኛው ዓለም ያልተገኘ ሰው ስላለ፣ በእኛ መጽሐፍ እንኳ ይገኝ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ለዚህ ነው እንዲገኝ ማድረግ የሌለብን» ባይ ነው። ድምፅ ቢሰጥ እኩል ለእኩል ወጣ፤ እኔንም ዳኛ ሁን ብለውኝ እምቢ ብያለሁ። የሆነው ሆኖ ለወላጆች ቀን ይነበባል።

መጽሐፉን አሳትመን ለቤተ መጻሕፍታችንና ለጎረቤት ትምህርት ቤቶች ለማዳረስ ወረቀቱንና ፎቶ ኮፒውን የሚሸፍን ብር እንፈልጋለን። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት ይህን ካነበባችሁ፣ ከሦስት ማተሚያ ቤቶች የሰበሰብነው ፕሮፎርማ ከመጋቢት ጀምሮ ጽሕፈት ቤት ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ስጠይቅ «እየተፈለገ ነው» ተብያለሁ፤ ፍለጋው ካስቸገረ ልምድ ያላቸው ልጆች አሉኝ።